ሽቦው ተበጥሷል?

ከባዱ ሞርታር አልተኮሰም። ሩጄሮ የመተኮሻውን ገመድ ደግሞ ሳበው፤ ከአፈሙዙ ጭስ እንኳ አልወጣም። የቀረችው ቅንቡላ ይህችው አንዷ ነበረች። ከካርሶ ድንጋያማ ሜዳ ማዶ የኦስትሪያዎቹ እሾሃማ ሽቦ እንደ ቁጥቋጦ ተጠላልፎ ቆሟል። እሱን በሞርታሩ መበጣጠስ የሩጄሮ ሥራ ነበር። ሩጄሮ ባለበት የጣሊያኖች ምሽግ ውስጥ እግረኛ ወታደሮቹ ሳንጃ ሰክተው የሻምበላቸውን ፊሽካ ይጠብቃሉ።

"የማጥቂያው ሰዓት አይለወጥም ብለዋል ሻምበሉ" አለ አሥር አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ። "ለምኛቸው ነበር።"

ሩጄሮ የሞርታሩን በርሜል በሁለት እጁ አቅፎ ነቀነቀው። "እባክሽ እመቤቴ፣ አንዴ ብቻ!" አለ።

"ምነው፣ አሳማችሁ ዛሬ ጾም ያዘች እንዴ?" አለ አንድ ጺማም እግረኛ ወደ ሞርታሩ እያመለከተ። ጓደኞቹ ሳቁ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ። ሽቦው ተበጥሷል?"

አልተበጠሰም ቢለው ሰውየው ከመውጣት አይቀርም፤ የሚወጣው ግን ገና ከአሁኑ ሞቶ ነው።

"ተበጥሷል" አለው ሩጄሮ። "በስተግራ ሰፊ በር አለ።"

"እግዜር ይስጥልኝ!" ሰውየው አማተበ።

ፊሽካው ተነፋ። ጺማሙ መሰላሉን ሲጨብጥ ሩጄሮ ከሰውየው ወገብ ላይ የሽቦ መቁረጫውን መነጨቀው።

"ምን ነካህ አንተ? ቦታህ እኮ እዚህ ነው!" አለ ጺማሙ።

ሩጄሮ ቀድሞት ወጣና በር አለ ወዳለው ወደ ግራ ሮጠ።