የጠወለጉት ጽጌረዳዎች

በረንዳው ላይ ያሉት ጽጌረዳዎች በጠወለጉ ቁጥር ዘሪሁን ሚስቱን ትርንጎን ይደበድባታል። «ውሃ ነፍገሽ ገደልሽብኝ!» ይላታል። ዛሬም ከንፈሯን በቡጢ አፈንድቶት ሳለ ራሱ ያስጠራት የችግኝ ባለሙያ ደረሰች።

ባለሙያዋ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅላ አየችው። ሥሩ ጠቁሮ ተቃጥሏል።

«ውሃማ ሞልቶታል» አለች። «በአፈር ፋንታ የሞላችሁት የኮኮናት ቃጫ ጨው አለበት፤ ሳይታጠብ ከተተከለበት ሥር ያቃጥላል። ማን ነው የተከለው?»

ዘሪሁን እጁን ለቡጢ ጨበጠ። ትርንጎ አየችው።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ደሟን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ሳላጥበው ነው የተከልኩት።»

«ይኸው! ሰማሽ?» አላት ባለሙያዋን፤ እዚያው በፊቷም ትርንጎን በጥፊ አጮላት።

ውሃ ከማጠጣት በቀር ከጽጌረዳዎቹ አንዷንም አስነክቷት አያውቅም፤ ሁሉንም በገዛ እጁ የተከላቸው እሱ ነበር።