ሰባተኛው ሹፌር

ቀይ መጋረጃ ያንጠለጠለው ከባድ መኪና ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ፣ ከፔካ 12፣ ሲደርስ፣ ከክሊኒኩ ደጃፍ የቆመችው ነርስ እጇን ወደ ላይ አነሳች። የምታክማቸውን ሹፌሮች ከፊታቸው ይልቅ በመኪናቸው ነበር የምትለያቸው። አጠገቧ አለቃዋ ሩቅያ ነበረች። የክሊኒኩ ዕቅድ ሲጻፍ፣ «‹ስለ ቲቢ ይማራሉ› ብለሽ እለፊው፤ መንገደኛ አይጨበጥም» ብላ መክራት ነበር። ነርሷ ግን፣ «መድኃኒት የጀመሩት ሰባቱም ሹፌሮች እስከ ጁን መጨረሻ ይጨርሳሉ» ብላ ጻፈች። ስድስቱ ጨርሰዋል፤ የቀረው የቀይ መጋረጃው መኪና ሹፌር ብቻ ነበር። ጁን ደግሞ በዚያ ቀን ማለቁ ነበር።

መኪናው ቆመ። መሪውን የያዘው ግን የማታውቀው ሰው ነበር። ነርሷ «ሰውየውስ?» ብላ እንዳትጠይቅ መልሱን ፈራች። እጇ እንደተነሳ ቀረ።

የወዲያኛው በር ተከፈተና አንድ ሰው እያነከሰ ዞሮ መጣ። ፊቱን ገና ያን ጊዜ አስተውላ አየችው፤ ከስቶ የነበረው ጉንጩ ሞልቷል።

«ዲኪል ከተማ ላይ እግሬን ወለም ብሎኝ ነው፣ ሲስተር። ቀኑ እንዳያልፍብሽ ጓደኛዬን ንዳልኝ አልኩት» አለና ከደረት ኪሱ የመጨረሻውን የክኒን ማሸጊያ አወጣ።

ሩቅያ ተቀብላ እያንዳንዱን ጎድጓዳ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ሁሉም ባዶ ነበር።

«ሰባት» አለች፣ እፎይ ብላ።

ነርሷ ያን ጊዜ ነው እጇን ያወረደችው።