ጠብቶ የቀለለው ሕፃን

አታምኑኝም! ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔ ይጥፋ...

ሕፃን ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጡት ጠብቶ ሲመዘን ቀንሶ ተገኘ!

ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ሃያ ገባ... ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ዘጠና ወጣ።

ልጁ የእህቴ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ።

ጡት ሲይዝ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል... የግንባሩ ላብ በሬ ያጠጣል!

ኦፕራሲዮን እንዲደረግለት ደግሞ ኪሎ መጨመር አለበት።

ያን ጠዋት ዶክተሩ ቁርጡን ነገራት።

«ከጡት በቂ ወተት እያገኘ ካልሆነ ጡቱን ዛሬ እናቆማለን። በአፍንጫው በቱቦ ይመገባል።»

አማቷ፣ ምላሳቸው ቆርቆሮ የሚቀድ፣ ይሄኔ ዝም ይበሉ?

«ወተትሽ ውሃ ነው ብዬሽ ነበር!»

«እማማ፣ በፈጠረዎት ይተዉኝ...»

ከእህቴ ጎን የቆመችው ነርሷ ብቻ ናት።

«ቀና አድርገሽ ያዢው የኔ እናት። ሲደክመው ልቀቂው፣ ይተንፍስ። ማንም አላባረረሽም።»

አሠራሩ እንዲህ ነው... ሳይጠባ ከነልብሱ ይመዘናል፣ ጠብቶም እንደለበሰ ይመዘናል። የጨመረው የጠባው ወተት ነው።

እኛ ግን ሠላሳ ግራም ጎደለን!

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አውጥቶ «በቱቦ» ብሎ ጻፈ።

«ሲውጥ ሰምቼዋለሁ ዶክተር! በጆሮዬ!» እህቴ አለቀሰች።

«ሚዛኑ እንደዚያ አይልም...»

ነርሷ ወረቀቱ ላይ እጇን ጫነች። «አንዴ ብቻ ይታገሱን። አሁን እኔ ከአጠገቧ አልነቃነቅም።»

ከሁለት ሰዓት በኋላ እኔንና አማቲቱን አስወጥታ በሩን ዘጋችው።

በበሩ መስታወት አሻግረን አፈጠጥን።

ጠባ... አረፈ... ጠባ...

ደግሞ አረፈ። ቆየ... በጣም ቆየ...

ሲውጥ ለመስማት ከመጓጓቴ ብዛት ጆሮዬ የበቅሎ ጆሮ አከለ!

መልሶ ያዘ።

ሚዛን ላይ ወጣ። ቁጥሩ ዋዠቀ... ዋዠቀ... ቆመ።

«አርባ አምስት ግራም ጨምሯል!» ነርሷ በሩን ከፍታ ጮኸች።

ዶክተሩ መጥቶ የጻፈውን ሰረዘው። «ጡቱ ይቀጥላል። ሲደክመው የቀረውን በእጇ አልባ በኩባያ ትስጠው።»

እህቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ... ልቡ የታመመ ሕፃን ጡት ሲጠባ ከባድ ሥራ ላይ ነው። እናቱም እንደዚያው። «ወተትሽ ውሃ ነው» ከማለት፣ አጠገቧ ቆሞ ማገዝ ይበልጣል።

እናንተ እናቶች፣ ስታጠቡ ያገዛችሁ ማን ነው? አንገት ያስደፋችሁስ? ኮሜንት ላይ አውጡት!

ቆይ... የጠዋቱ ወተት የት ገባ አላችሁ?

ዶክተሩም ሚዛኑን እያገላበጠ ያንኑ ጠየቀ። «ጠብቶ እንደጨረሰ ለማን ሰጠሽው?»

«ደረቴን እስክቆልፍ ለእማማ...»

ሁላችንም ወደ አማቲቱ ዞርን።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? የልጅ ልጄን ያን የሚያህል የራሰ ዳይፐር አስታቅፌ ሐኪም ፊት ላቀርበው ኖሯል? በደረቅ ቀየርኩለታ!»