ቢጫው ጉበት

ባሌ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ቢላዋውን አስቀምጦ የበሬውን ጉበት በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጣቱ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀራል። ቢጫ ነው፣ ሙልጭልጭ ያለ፤ ሽታው እስከተቀመጥኩበት ድረስ ይመጣል።

«ኤጭ! ምን ዓይነት በሬ ነው ያረዱልኝ?»

«ከምትጥለው ለውሻዬ ስጠኝ» ይላል ሥጋ ሊገዛ የቆመው ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው።

«ውሻህ ምን በደለህ? ስብ የወረሰው ጉበት እኮ ነው፤ ይቀፋል!»

እኔንስ የሚቀፈኝ ባሌ ራሱ ነው። ጠዋት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አይቶ፣ «ጉበትዎን ስብ ወርሶታል። እንዲህ ያለ ጉበት ኢንሱሊንን እሺ አይልም፤ በላይ በላዩ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ስኳርዎ የጨመረው አንድም በዚህ ነው» ቢለው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም! መሣሪያችሁ ተበላሽቷል!» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሐኪሙ ሳይጨርስ እጄን ጎትቶ አወጣኝ። መንገድ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በቁሙ ጨለጠና ጆሮዬ ሥር አገሳ።

ወይ ነዶ! አማቴ በዚሁ በስኳር እግራቸው ተቆርጦ ጓዳ ተኝተዋል። ቁስላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ጨርቁ ሲፈታ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ነገ ደግሞ የሱን ላጥብ ነው?

«አንተ ሰው» እላለሁ፣ ልብስ ሰፊው ቢሰማ ግድ የለኝም። «ሐኪሙ ያየው ያንተ ጉበትም እንዲሁ ነው።»

«ዝም በይ፣ ሰው ፊት!»

«ዝም አልልም! ለውሻ የነፈግኸውን በሆድህ ተሸክመህ ትዞራለህ።»

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ሥጋውንም ሳይገዛ ውልቅ ይላል።

ባሌ ቢላዋውን ያነሳል። ጉበቱን ይሰነጥቀዋል። ስቡ ቢላዋው ላይ ይለጠፋል፤ በሽርጡ ቢጠርገው፣ ቢጠርገው አልለቅ ይላል። ድንገት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያቅለሸልሸዋል። ዕድሜ ልኩን ሥጋ የቆረጠ ሰው! ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ይድናል ብሏል?» ይላል፣ ሳያየኝ። ድምፁ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼ አላውቅም። «የኔው... ይመለሳል ብሏል?»

«እሱን ሊነግርህ ሲል ነዋ ጎትተህ ያወጣኸኝ!»

ስብ የተቀባባ እጁን ከገላው አርቆ፣ የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት ቆሟል።