ዜሮ ያላነበበው መለኪያ

ባለቤቴን ለሞት ያበቃው ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጀርባ የተተከለው ትራንስፎርመር ይመስለኛል። እሱ ካረፈ ወዲህ የምተኛው ሶፋ ላይ ነው። ቤቱን ከመሸጤ በፊት ግን እርግጡን ማወቅ ፈለግኩና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠራሁ። ሰው ይመጣል ብዬ ጠዋት አልጋውን በታጠበ አንሶላና የትራስ ልብስ አነጠፍኩ።

«እትዬ፣ የትራንስፎርመሩ ጨረር እኮ ከፍሪጅዎ አይበልጥም» ብሎ ባለሙያው የጨረር መለኪያውን እያሳየኝ ሳቀ። «ለማንኛውም መጀመሪያ ይጥፋና ዜሮ ማንበቡን እንይ።»

ውጭ የቀረው የሥራ ጓደኛው ትራንስፎርመሩን ሲያጠፋው እዝ የሚለው ድምፁ ቆመ። መለኪያው ግድግዳው ጋ ዜሮ አነበበ፤ መስኮቱም ጋ ዜሮ። ወደ ባለቤቴ ትራስ ሲጠጋ ግን ቁጥሩ ወጣ።

«ከሥሩ ገመድ አለ እንዴ?» ብሎ ትራሱን ዳበሰው። ወዲያው እጁን ሰብስቦ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። ቢጫ፣ ዝልግልግ ላብ ነበር። በመጨረሻዎቹ ወራት ከባለቤቴ አንገት ላይ በፎጣ የማብሰው፣ የዛገ ብረት የሚሸተው ላብ።

«ቅር አይበልዎትና እትዬ፣ ለበሽተኛ እኮ የትራስ ልብስ ይቀየርለታል።»

«በሽተኛ የለም» አልኩት።

ቁጥሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። የትራሱም መሃል አብሮት ይጎደጉዳል፣ ይነሳል።