ሦስት ማንኪያ

ጎትሎብ በበርሊን ባለ ልኳንዳ ነው። ቅዳሜ ዕለት የሚስቱን የኦቲሊን ጥርስ በቡጢ አወለቀው። እጁ ይቆረጥና፣ ይሄስ ለእሷ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ሌኒ የምትባለውን የሰባት ዓመት ልጃቸውን ጸጉሯን ይዞ ከግድግዳ ማጋጨቱ ነው።

ኦቲሊ ያን ጊዜ ልጇን ይዛ ለመጥፋት ቆረጠች። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቷ ወዳለችበት ወደ ሐምቡርግ የሚሄድ ባቡር አለ።

ግን እንዴት ተደርጎ! ቀን ከቤታቸው ሥር ካለው ሱቁ አይርቅም፤ ዓይኑን አይነቅልባትም። ሌሊት ደግሞ ከፈረንሳይ ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። የጨጓራ መድኃኒቱን እየተጎነጨ በሩ ሥር ይቀመጣል። ቁልፉ ከሰደርያ ኪሱ አይወጣም። ጠዋት አፉ የከረመ ፍሬ ይሸታል፤ ጎረቤቱ ግን አረቄ ነው ይላል።

የጥርስ ሕመሟን ሰበብ አድርጋ መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለ መድኃኒቱ ያበጠ ጉንጯን አየና ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አወረደ።

"ክሎራል ይሻልዎታል፤ ያስተኛል" አለና ጠርሙሱን ከፈተ። ሽታው አፍንጫዋን መታት። የት እንደምታውቀው ግን ትዝ አላላትም።

"ምላስ ያቃጥላል። አንድ ማንኪያ ሰው ያስተኛል፣ ሁለት በሬ ይጥላል።"

"ሦስትስ?"

"ሦስትማ ቄስ መጥራት ነው!" ብሎ ሳቀ። "ደግሞ እንዳይለምድብዎት፣ ወይዘሮ። የለመደ ሰው..."

"እሺ፣ እሺ" አለች፤ ሐሳቧ ባቡሩ ላይ ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ ጥቁር ቢራው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨመረች። ቀና ብላ የልጇን ግንባር አየች። ቁስሉ ገና አልደረቀም።

"እግዜር ይፍረድብኝ" አለችና ሦስተኛውን ደገመች።

ጎትሎብ የአሳማ እግሩን እየጋጠ ቢራውን ጨለጠው።

"ምን ታፈጪያለሽ? ሰው ሲጠጣ አይተሽ አታውቂም?"

ስምንት ተኩል ሲሆን ዓይኑ ተከደነ። አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

"እማዬ፣ ሞተ?"

"ዝም በይ! ጫማሽን አድርጊ።"

ኦቲሊ እጇን ወደ ሰደርያው ኪስ ሰደደች። ጣቷ ቁልፉን ነካ። ያን ጊዜ የጎትሎብ መዳፍ የእጇን አንጓ ጨብጦ አጥንቷ እስኪንቋቋ ጠመዘዘው። ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩን ላሰ።

"ስንት ማንኪያ ነው የጨመርሽልኝ፣ ሦስት? እኔ እኮ ከጦርነቱ ወዲህ ለጨጓራ እያልኩ ይህንኑ በየሌሊቱ ስምንት ነው የምጠጣው።"