ዘይቱናን ያነጋገረ ስኒ

የሊሙ ቡና ገበሬዎች ማኅበር አዲሱን የፍትሐዊ ንግድ ውል ከፈረመ ወዲህ፣ የታሸገ ቡናቸውን አፍልቶ ስኒውን ያነሳ ሰው ሁሉ፣ የትም የዓለም ክፍል ይሁን፣ ካመረተው ገበሬ ጋር በስኒው በኩል ያወራል። መንደሩ ክሊኒክና የቧንቧ ውሃ አገኘ። ነጂብ ግን ሚስቱን ዘይቱናን አጣ። ምሳ ገና ሲቀርብ ማኅበሩ የሰጣት፣ ጆሮዋ ላይ የተሰካው የመነጋገሪያ መሣሪያ ይጠራል፤ እሷም ከማታውቀው ወንድ ጋር ትስቃለች። ያን ሳቅ እሱ ካየው ቆይቷል።

«ደግሞ ማን ነው?» አላት አንድ ቀን፣ ቅናቱን መደበቅ አቅቶት።

«ደንበኛ ነዋ!» ብላ ፊቷን አዞረች።

ነጂብ ምግቡን ሳይነካ ተነሥቶ ወደ ማኅበሩ ሱቅ ሄደ። የሚስቱን ቡና ገዝቶ እዚያው አስፈላና ስኒውን አነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዘይቱና ነኝ። ቡናዬን ወደዱት?» አለችው በለሰለሰ ድምፅ።

«በጣም ወድጄዋለሁ» አላት።

ዘይቱና ድምፁን ለየችው። «ነጂብ? አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ትንሽ እንድታወሪኝ ብዬ ነው።»

መስመሩ ተቋረጠ። አኮረፈችኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ቀና ሲል ግን ዘይቱና መሣሪያውን ከጆሮዋ አውልቃ፣ ሻሿን በወጉ እንኳ ሳታስር፣ ወደ ሱቁ ስትሮጥ አያት።